የግራ ፈትል

ይህ ወረቀት ቢቸና ከተማ፣ ከእኅቴ ከወይዘሮ አንጓች እጅ ይግባ።

አንጓች፣ እንደምን ከርመሻል? ጥር በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ የጉልበት ቁርጥማት ዘንድሮ ምሕረት አደረገልሽ ወይ? ባለቤትሽ አቶ ዘውገ ሳሉ ቀለል አለው? ልጅሽ ልመንህስ ትምህርቱን ቀጠለ ወይስ ዛሬም ከዚያ ከሞተር ብስክሌት ላይ አልወረደም? ግቢው፣ ጎረቤቱ፣ የማኅበሩ ሰዎች፣ ሁሉም በያሉበት ደኅና ናቸው ወይ? በመካከላችን ምንም ቢገባ የእናታችን ልጆች ሰላምታ አሳጥረው እንዲጽፉ አልተማሩምና ሁሉንም በየተራው እጠይቃለሁ፤ መልሱንም ከልቤ እፈልጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ልጄ ፈጠነ ደኅና ነው። ሚስቱ ሶሊም ደኅና ናት። እግሬም ደኅና ነው። ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር እባክሽ ሁለት ጊዜ አንብቢው፤ ለምን እንደ ጻፍሁት ዝቅ ብለሽ ታገኚዋለሽ።

በስልክ መናገር እችል ነበር። ነገር ግን በስልክ ሰው ነገሩ ሲከብደው «ኔትወርክ ጠፋ» ብሎ ይዘጋል፤ ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ ይታገሣል። ደግሞም ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ያስተማረች ሴት ትልቁን ነገሯን በተቆራረጠ ድምፅ ብትልከው ለሞያዋ ነውር ነው። ይህን ይዞልሽ የሚመጣው ከፈጠነ ጋር የጂብሰም ሥራ የሚሠራ የደጀን ልጅ ነው፤ በድንበሩ ከተማ በውጫሌ በኩል ወደ አገሩ ይገባል። ከወረቀቱ ጋር አንድ ጥቅል ዕቃም ሰጥቼዋለሁ፤ ስለ እርሱም በቦታው እነግርሻለሁ።

እዚህ ሐርጌሳ ቀኔን በምን እንደማሳልፍ እስከ ዛሬ በወጉ ጽፌልሽ አላውቅም። አሁን የምጽፈው ምን እንደ ወሰድሽብኝ በትክክል እንድታውቂው ነው። የምንኖረው ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር፣ ሻሚስ ከምትባል ሴት ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። ሻሚስ ሶማሌ ናት፤ ነገር ግን ድሬዳዋ ተወልዳ ድሬዳዋ ተምራለች። አማርኛዋ ፈጣንና ያልታረመ ነው። የድሬዳዋ ልጅ እንደ መሆኗ ትልቅ ትንሽ ሳትለይ ሰውን ሁሉ «አንቺ» ትላለች። በመጀመሪያው ዓመት፣ በዕድሜ የሚበልጥን ሰው «እርስዎ» ማለት እንደሚገባ ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። እርሷም በጥሞና አዳምጣ ስታበቃ «እሺ ቲቸር፣ አንቺ ካልሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ትቻታለሁ። ፈጠነና ሶሊ ጠዋት ከወጡ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት አይመለሱም። ቋንቋውን አላውቅም፤ የምሳለመው ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያዬ የለም፤ የማርመው ደብተርም ቀርቷል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ግድግዳ ሳይ ነበር የምውለው። ከዚያ ያወጣኝ ክር ነው።

ነገሩ የጀመረው ከልባሽ ጨርቅ ተራ ነው። በባሕር የሚመጣ ልባሽ ልብስ እዚህ በክምር ይሸጣል፤ ከክምሩ ውስጥ የብርድ አገር ሰዎች የለበሱት የሱፍ ሹራብ አይጠፋም። አንድ ቀን ሮዳ ከምትባል ነጋዴ ዘንድ ቆሜ ክርኑ የተቀደደና ብል የበላው ሰማያዊ ሹራብ መረጥሁ። ሮዳ በደግነት ደኅናውን አነሣችልኝ፤ እኔም እምቢ ብዬ ያንኑ ያዝሁ። እዚያው እንደ ቆምሁ የአንገቱን ጫፍ ፈትቼ ክሩ ሳይበጠስ የሚወጣ መሆኑን ስፈትን፣ ሮዳ ለጎረቤቷ በሶማልኛ አንድ ነገር ብላ ሁለቱም ሳቁ። ሻሚስ እንደ ተረጎመችልኝ «አሮጊቷ ሹራቡን ልትገድለው ነው የገዛችው» ማለቷ ነበር። ዛሬ ግን ሮዳ የሱፍ ሹራብ ባገኘች ቁጥር ለእኔ ታስቀምጣለች፤ ያልተቀደደ የሰጠችኝ እንደ ሆነም ይቅርታ ትጠይቀኛለች።

ሹራብ የሚፈታው ከመጨረሻው፣ ከአንገቱ በኩል ነው። ክሩ ተጨማዶ ይወጣል። በወንበር መደገፊያ ላይ እጠመጥመዋለሁ፤ በለብታ ውኃ አጥቤ ከግርጌው ድንጋይ አንጠልጥዬበት ጥላ ውስጥ አሰጣዋለሁ። በሁለተኛው ቀን ቀጥ ይላል፤ እንደርሱ ቶሎ የተቃና ተማሪ አልገጠመኝም። ከዚያ እጠቀልለውና በትንሽ ወረቀት ላይ ቀለሙን፣ የወጣበትን ልብስና ቀኑን ጽፌ እሰካበታለሁ። አንዱ አረንጓዴ ነሐሴ ላይ የምናየውን የጤፍ ማሳ ይመስላል። አንዱ ግራጫ ሲዳሰስ የድመት ሆድ ነው። ለመሥራት የሳሳሁላቸው፣ አውጥቼ አይቼ መልሼ የማስቀምጣቸው አሉ። ሁለት የብረት ሣጥን ሞልተው ሦስተኛው ተጋምሷል። ፈጠነ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቤቱን የተከራየው ክሩ ነው፤ እኛ ደባል ነን» ይላል። ሲናገር ግን የለበሰው እኔ የሠራሁለትን ሹራብ ነው፤ በታኅሣሥና በጥር የዚህ አገር የማለዳ ብርድ ከቢቸና አያንስም።

የዚህ አገር በግ ራሱ ጥቁር ገላው ነጭ ሆኖ ያምራል፤ ሆኖም ጸጉር እንጂ ሱፍ የለውም፤ ይህን ሳውቅ አዘንሁ። ማዘኔን የሰማው የሻሚስ ወንድም ዓብዲወሊ ግመል ያረባል። ከግልገል ግመሎች የረገፈ ጸጉር በማዳበሪያ ሞልቶ አመጣልኝ። ግቢው ሦስት ቀን ሸተተ። ሻሚስም አፍንጫዋን ይዛ «ቲቸር፣ ወይ ግመሉንም አስገቢው ወይ ጸጉሩን አስወጪው» አለችኝ። አጥቤ፣ አበጥሬ፣ ፈትዬ፣ ለዓብዲወሊ ቡናማ ቆብ ሠራሁለት። የግመሎቹን ጸጉር ራሱ ላይ ደፍቶ ወደ ግመሎቹ ሄደ። አንድ የክር ቀለበት የዘለልሁበት እንደ ሆነ ግማሹን ቆብ አፍርሼ እንደገና እጀምር ነበር፤ ሻሚስ ማንም አያየውም ስትለኝ እኔ አየሁት እላታለሁ።

ነገር ግን አንጓች፣ ሹራቡም የግመሉ ጸጉርም መዝናኛዬ ነው። ልቤ ያለው ከጥጥ ፈትል ላይ ነው። ይህን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ምክንያቱም ሁለታችንም ባዘቶ ይዘን ከአንዲት እናት እግር ሥር ተቀምጠናል። እናታችን ግራኝነቴን ለማስተው ያላደረገችው አልነበረም። በጽሕፈት ተሸነፍሁ፤ መምህራኑ ቀኜን አስለመዱኝ። እንዝርት ግን በግራ ጭኔ ላይ በግራ እጄ ካላሾርሁት በቀር አልታዘዘኝም። ስለዚህ የእናታችንና የአንቺ ፈትል ወደ አንድ ወገን ሲከር የእኔ ወደ ሌላው ይከራል። በዓይን አይለይም፤ ጣት ግን ያውቀዋል። ሁለቱ በአንድ ሸማ ከገቡ ሸማው ይኮማተራል እየተባለ የእኔ ልቃቂት ሁልጊዜ ለብቻው በሙዳይ ይቀመጥ ነበር። አቶ ባንተአምላክም ገና ወጣት ሸማኔ ሳለ ከደጃችን ቆሞ «የግራዋ ናት ወይስ የሌሎቹ?» ብሎ ሳይጠይቅ ፈትል አይቀበልም ነበር።

ጥጡን ከውጫሌ እያስመጣሁ አራት ዓመት ፈተልሁ። ጠዋት ጠዋት ከደጃፌ ተቀምጬ፣ ፀሐይ ከግድግዳው ላይ እስክትወርድ ድረስ። ለሹራብ ስል አልነበረም፤ ቀጭን ማግ ነው የፈተልሁት፣ ለኩታ የሚሆን። ኩታው የሻሚስ ነበር። ፈጠነ ከሥራ ላይ ወድቆ ክንዱ በተሰበረ ጊዜ ያስታመመችን እርሷ ናት፤ ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ከልጆቿ አስለቅቃ ለእኔ የሰጠችኝም እርሷ ናት። ለሱብሒ፣ ለንጋት ስግደታቸው፣ ስትነሣ ብርድ ሲመታት አይና «በእጄ የተፈተለ ኩታ አለብስሻለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላት። እርሷም ዕለት ዕለት ልቃቂቱን እየቆጠረች ትስቅ ነበር። አርባ ሲሞላ አሁን ይበቃል አልሁ። መስከረም ላይ አርባውን ልቃቂት በንጹሕ ከረጢት ሰፍቼ ላክሁልሽ፤ ለአቶ ባንተአምላክ እንድትሰጪ፣ ለሌላ ሸማኔ እንዳትሰጪ፣ ዳሩ ያለ ጌጥ ነጭ ብቻ እንዲሆን በጽሑፍ አዘዝሁ። ደረሰኝ ብለሽ ነበር። ባንተአምላክ ድሩን ዘርግቷልም ብለሽ ነበር።

ዕቃው ኅዳር ላይ ደረሰ። ሻሚስ ደስታዋን ለብቻዋ መያዝ ስለማታውቅ ከጎረቤት ፋዱሞንና እኅቷን ሳምሳምን ጠርታ ነበር። ጥቅሉን በሦስቱም ፊት ከፈትሁት። ነጭ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በሥርዓት ታጥፏል። ሻሚስ ሁለት እጇን ዘረጋች። እኔ ግን ልማዴ ነውና ከዳሩ አንዲት ማግ ስቤ በጣቶቼ መካከል በእኔ አዙሪት አከረርኋት። ልትጠብቅ ሲገባት ተበትና ጥጥ ሆነች። ሌላ ሳብሁ፤ እርሷም ተበተነች። አራት ቦታ ሞከርሁ። ሻሚስ እጇን እንደ ዘረጋች ነበረች። «ቲቸር፣ ነጭ ነው፣ ይሞቃል፣ ምን ጎደለው?» አለችኝ። የእኔ ፈትል አለመሆኑን፣ የእጄ ሥራ ያልሆነውን የእጄ ሥራ ነው ብዬ ላለብሳት እንደማልችል ነገርኋት። ፋዱሞ ለሳምሳም አንድ ነገር አንሾካሾከች። ኩታውን አጥፌ አስቀመጥሁት። ሻሚስ ከዚያ ወዲያ ስለ ኩታ አንድ ቀን አንሥታብኝ አታውቅም፤ እኔ ግን በደጃፏ ባለፍሁ ቁጥር የተዘረጉት እጆቿ ይታዩኛል።

በዚያው ሳምንት ፈትሌ ተለውጧል ብዬ ድምፅ ቀድቼ ላክሁልሽ። አንቺን አልጠረጠርሁም። ጥርጣሬ ወደ አንቺ የሚያልፍበት በር በልቤ ውስጥ ስላልነበረ ቀጥታ ወደ ሸማኔው ሄደ። አንቺም መልሰሽ፣ እኔም ደንግጬአለሁ፣ ሰውየው በስተርጅና ዓመሉ ተበላሽቷል፣ ጠይቄው ፈትል መቀበሉን ራሱ ካደ አልሽኝ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ሦስት ጊዜ አርቅቄ፣ አራተኛውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ለአቶ ባንተአምላክ ደብዳቤ ጻፍሁ። የአንዲት ሴትን የአራት ዓመት ድካም የበላ እጅ ዳግመኛ መወርወሪያ ሊይዝ አይገባውም አልሁ። ማንበብ ስለማይችል በሚካኤል ማኅበር ቀን በሰው ሁሉ ፊት ይነበብለት ብዬ ያዘዝሁ እኔ ነኝ። ታኅሣሥ 12 ቀን ቆመሽ ያነበብሽለት ግን አንቺ ነሽ።

አንብበሽ ስትጨርሺ ምን እንዳለ በማግሥቱ ነገርሽኝ፤ እንደ ቀልድ አድርገሽ ነበር የነገርሽኝ። «የግራዋ ፈትል እጄ ከገባ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ብነካው ኖሮ ጣቴ አይረሳውም ነበር» አለ አልሽኝ። እኔም ክህደቱን በአማረ ንግግር ይሸፍናል ብዬ ይበልጥ ተቆጣሁ። ቃል በቃል እውነቱን ነበር የተናገረው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከአንቺ አልሰማሁም። የካቲት 3 ቀን ሶሊ ስልኳን ይዛ ወደ ክፍሌ ገባች። «እማዬ፣ መቅደላዊት ለእርስዎ ድምፅ ልካለች» አለችኝ። ልጅሽ ናት፤ በዚህ እጄ ፊደል ያስቆጠርኋት ልጅሽ። የተናገረችውን አንድ ቃል ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ፤ «አክስትዬ፣ ጥር 17 ተሞሸርሁ። አንቺ ሳትኖሪ መዳሬ ቅር ቢለኝም እግርሽ ታሞ መንገድ እንዳቃተሽ እማዬ ነግራኛለች። እንኳን ፈተልሽልኝ። ቀሚሱን ስለብሰው አንቺ ያቀፍሽኝ መሰለኝ።» ከዚያም እየሳቀች፣ ቀሚሱን የሠራው የባሕር ዳር ሸማኔ ክሩ ወደ ግራ የከረረ ነው ብሎ ሲነጫነጭ እንደ ነበር ነገረችኝ። በመጨረሻም እንደ ተራ ወሬ አድርጋ፣ ጋሽ ባንተአምላክ ሠርጉን አለመምጣቱን፣ ከማኅበሩ ቀን ወዲህ ከቤቱ እንደማይወጣ፣ ሰዎችም ፈትላቸውን ከእርሱ ዘንድ ስለ ወሰዱ የሸማ ጉድጓዱን በሣንቃ እንደ ከደነው አወራችኝ። ሶሊ ስልኩን ልታስቀምጥ ስትል ድገሚው አልኋት። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። በሦስተኛው ሶሊ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

አንጓች፣ እኔ ዐረፍተ ነገር መተንተን ሞያዬ ነው፤ ይህንንም ተንትኜዋለሁ። ልጅሽን በእጅ ፈትል ልትድሪ ፈለግሽ፤ የእጅ ፈትል እየጠፋ ነው፣ አማቾችሽም ኩሩ ናቸው፤ ይህ ይገባኛል። ፈትሌን ወሰድሽ። ቀሚሱን ብነካው እንደማውቀው ስለምታውቂ ከሠርጉ ልታስቀሪኝ ግድ ሆነብሽ። ለልጅቱ ምክንያት ስለሚያስፈልግ እግሬን አሳመምሽው። ለእኔ ደግሞ ከገበያ ኩታ ገዝተሽ ላክሽ፤ አርጅታለች፣ አገሩም ሩቅ ነው፣ አትለየውም ብለሽ። በለየሁት ጊዜም ከደጅሽ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ የሚኖር፣ በእጁ ሥራና በስሙ ብቻ የሚያድር ሽማግሌ አገኘሽ። ከሁሉ የከፋው ቀሚሱ አይደለም። ቀሚሱ አምሮባታል፤ ፎቶግራፉን አይቻለሁ። ከሁሉ የከፋው ያ ደብዳቤ በእጅሽ ሳለ ቀዳድደሽ «ፈትሉ እኔ ዘንድ ነው» ለማለት ሙሉ ሳምንት የነበረሽ መሆኑ ነው። ሳምንቱን አሳለፍሽው። ተነሥተሽም አነበብሽ።

ብትጠይቂኝ ኖሮ ምን እል ነበር ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ምናልባት እምቢ እል ነበር። ለሻሚስ ቃል ገብቻለሁና። ደግሞም ቁጡ ነኝ፤ ከእኔ ለመለመን ወኔ እንደሚጠይቅ አላጣሁትም። ግን እምቢ ማለቱ የእኔ ነበር። ምናልባትም ሁለት ቀን ተቆጥቼ በሦስተኛው ቀን ለመቅደላዊት ውሰጂላት እል፣ ለሻሚስም ሌላ እፈትል ነበር። የቱን እንደምመርጥ ዛሬ እኔም አላውቀውም፤ የማውቅበትን ዕድል አንቺ ወሰድሽው። እናታችን ስትሞት አልጋዋን በሁለት ወገን የያዝነው አንቺና እኔ ብቻ ነበርን። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቺን እንደ ራሴ እጅ ነበር የማምንሽ፤ ዕቃ ስልክልሽ ቆጥሬ አላውቅም ነበር።

ለመቅደላዊት መልስ ሰጥቻታለሁ። በደስታ ልበሺው፣ ጎጆሽ ይሙቅ፣ ልጆችሽ ይባረኩ አልኋት። ስለ እግሬም ስለ ፈትሉም አልተነፈስሁም። ውሸትሽን በአፌ አልደገምሁትም፤ አላፈረስሁትምም። ብትሰማው ከአንቺ ትስማው።

ነገሩን ለሻሚስ በነገርኋት ጊዜ ከእኔ ጋር ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ እስክጨርስ ሰማችኝና «ላ ሐውለ» ብላ አምላኳን ጠራች። ከዚያም «ቲቸር፣ የኔ ኩታ ይቅር። ሰውየውን ምን ልታደርጊው ነው?» አለችኝ። እኔ እኮ የተበደልሁት እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሸማኔው ፈትሉን መቀበሉን ሌላ ሰው አይቶ እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። ኩታውን መልሼ ልኬ ላስመርምረው አላልሁም። ተማሪ እንኳ ሰረቀ ተብሎ ቢከሰስ ሁለቱን ወገን ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም፤ በአቶ ባንተአምላክ ላይ ግን እኅቴ ስለ ተናገረች ብቻ ፈረድሁበት። አንቺ ዋሸሽኝ፤ የሰውየውን ስም የሰበረው ግን የእኔ ጽሑፍ ነው። ሦስት ጊዜ አርቅቄ ነው የሰበርሁት።

ከዚያ ወዲህ እንዝርት አላነሣሁም። ሹራቡን አልተውሁም፤ ሶሊ ፀንሳለችና ለሚወለደው የሚሆን ትንንሽ ነገር እሠራለሁ። የጥጡ ከረጢት ግን እንደ ታሰረ ከአልጋዬ ሥር አለ። በእጄ ባነሣው ጊዜ የምፈትለው ለማን እንደሚደርስ የማላውቅ ይመስለኛል።

አሁን የምጠይቅሽን ስሚ። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ያ የገበያ ኩታ ነው፤ መልሼልሻለሁ። እኔ አልለብሰውም፤ ለሻሚስም አልሰጣትም። ከዚህ ወረቀት ጋር ደግሞ ለአቶ ባንተአምላክ የጻፍሁት ሌላ ደብዳቤ አለ። ፖስታውን አላሸግሁትም። መጋቢት 12 ቀን ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ ቤቱ ድረስ ሄደሽ አክብረሽ ትጠሪዋለሽ። አልመጣም ቢልሽ ደጁ ላይ ትቆሚያለሽ። ከዚያም የመጀመሪያውን በቆምሽበት ቦታ ቆመሽ፣ በዚያው ድምፅ ይህን ታነቢለታለሽ። አጭር ነው። ፈትሌ ከእጁ እንዳልገባ፣ ያለ ማስረጃ እንደ ከሰስሁት፣ ስሕተቱ የእኔ እንደ ሆነ፣ በሕዝብ ፊት ስላዋረድሁት በሕዝብ ፊት ይቅርታ እንደምለምነው ይናገራል። የካቲትን ሙሉ ብትጽፊ ከዚህ የበለጠ አይወጣሽም፤ እኔም ዐሥር ቀን ፈጅቶብኛል።

ፈትሉን ማን እንደ ወሰደው ግን አልጻፍሁም። ከአራተኛው ዐረፍተ ነገር በኋላ አንድ መስመር ባዶ ትቻለሁ። ለተማሪዎቼ በፈተና ወረቀት ላይ እንደምተወው ዓይነት ክፍት ቦታ ነው፤ ወርዱ ለአንድ ስም ይበቃል። እዚያ ስትደርሺ በአፍሽ ሙዪው። ዘለሽው ብታልፊ ከሰሚዎቹ ማንም አይነቃብሽም፤ የሚሰልልሽ ሰውም አልመደብሁም። ሞላሽው አልሞላሽው ከአንቺ ከራስሽ እሰማለሁ፤ የምትነግሪኝንም አምናለሁ፤ ካንቺ በቀር የምጠይቀው የለኝምና።

እንግዲህ ከፊታችን ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ሻሚስም ለረመዳን እያሰናዳች ነው። ለአቶ ዘውገ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሉን ችላ አይበል። ልመንህን ከሞተሩ ውረድና ደብተር ግለጥ ብላሃለች በዪው። ማኅበርተኞቹን ሁሉ በያሉበት ሰላም በዪልኝ። ፈጠነና ሶሊ እጅ ይነሣሉ፤ ሻሚስም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። መቅደላዊትን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ። ባሏንም ሳሚልኝ፤ ስሙን የነገረኝ ሰው ስለሌለ በስሙ ልጠራው አልቻልሁም። ለአቶ ባንተአምላክ የምለው በደብዳቤው ውስጥ አለ።

እኅትሽ የሺሃረግ

ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.